መልስ፦ ማጠቡ ነው የሚበዛው

«የዩኒቨርሲቲ ባዮፕሮሰስ ፓይለት ፕላንት ውስጥ የቴክኒክ ባለሙያ ሥራ ምርምር ይበዛዋል ወይስ ዕቃ ማጠብ?» ላልከው፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ማጠብ። ፓይለት ፕላንት ማለት በላብራቶሪ በትንሹ የተሠራው የሕዋስ እርባታ በትልቅ ታንክ የሚሞከርበት ቦታ ነው። ፈርመንተሩ፣ ማለትም ሕዋሳቱ የሚራቡበት ታንክ፣ በኮስቲክ ሶዳ ይታጠባል፣ ይለቀለቃል፣ ከዚያ በእንፋሎት 121 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከጀርም ይጸዳል። አንዲት ያረጀች ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ካመለጠችህ የሳምንት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። እኔ ደርሶብኛል። ጠዋት ስገባ ሽታው ተለውጧል፣ የኦክስጅን መለኪያው ዜሮ ላይ ተቀምጧል። ያልጠራነው ባክቴሪያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጋበዝ አድሯል!

ሌላው ጣጣ ሙቀት ነው። በ2 ሊትር ታንክ የሠራው አሠራር በ300 ሊትር ታንክ እምቢ ይላል። ሕዋሳቱ ሲባዙ ሙቀት ያመነጫሉ፤ ታንኩ በተለቀ ቁጥር ደግሞ ከይዘቱ አንጻር የሚቀዘቅዝበት ገጽ ያንሳል። ተማሪዎች ይህን የሚያምኑት በዓይናቸው ሲያዩት ነው። መፍቻ መያዝ ካላስጠላህ ግን ያለማንገራገር አመልክት።