ስለ ትምህርቴና ስለ ባቲ ወባ ጠይቁኝ

ወሎ ውስጥ በሕብረተሰብ ጤና ምርምር ላይ ነው የምሠራው። ስለ ትምህርቴም ስለ ሥራዬም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምን ሐኪም ነህ?

መልስ፦ ሐኪም ቤት ብታገኙኝ መርፌ አልወጋችሁም። ጎንደር በጤና መኮንንነት ተመረቅሁ፣ ማስተርሴ ኤፒዲሚዮሎጂ (በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠና ትምህርት) ነው፣ «ዶክተር» የመጣው ከሦስተኛው ዲግሪ ነው። ሐኪም አንዱን በሽተኛ ያያል፤ እኔ ቀበሌው ለምን አንድ ላይ ታመመ ብዬ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያውን ለምን ተውከው?

መልስ፦ በአንድ ልጅ ምክንያት። ቆላ ስሠራ እናቱ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ በወባ አዝላ አመጣችው። መድኃኒት ሰጠሁት፣ ዳነ፣ ተመልሶ መጣ። ቤታቸው አካባቢ ምን እንዳለ ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

ጥያቄ፦ አሁን ምን ታጠናለህ?

መልስ፦ ውሃና ወባ። የለመድናት ትንኝ ዝናብ ባቆረው ውሃ ስለምትራባ ወባ ሲባል መስከረምና ጥቅምት ነው ትዝ የሚለን። አሁን ግን አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ አለች፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ በፈረንጆቹ 2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሀር ተገኘች፣ ከዚያ ወዲህ እዚሁ ወሎ ባቲም ላይ ታይታለች። ይቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ ውሃ የተያዘበት ጉድጓድ ይበቃታል፣ በበጋም ቢሆን። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ውሃ ባያጠራቅም ምን ይጠጣ? ለዚህ ነው ስለ ወባ ከመጠየቄ በፊት ውሃ በስንት ቀን እንደሚመጣ የምጠይቀው።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ታዲያ በርሜሌን ልድፋው?

መልስ፦ ኧረ አትድፊው እህቴ! ቀዳዳ በሌለው ክዳን ግጠሚው። በሳምንት አንዴ ውሃውን በነጠላ አጥልለሽ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጪና በርሜሉን ፈትገሽ እጠቢው፣ ውሃው ውስጥ ያለው የትንኝ እጭ አድጎ ትንኝ ሳይሆን እንድትቀድሚው። አጎበሩንም አትተይው። ትኩሳት ከያዘሽ በዚያው ቀን ተመርመሪ።

ጥያቄ፦ ደማችንን ወስዳችሁ ትጠፋላችሁ። ውጤቱስ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ እኔም አጥፍቻለሁ። አንድ የተሳተፍኩበት ጥናት ውጤቱ ለመጽሔት ተላከ፣ ለቀበሌው ግን ማንም አልነገረም። በኋላ አንድ አባት ገበያ ላይ አግኝተውኝ «ልጄ፣ ደሜ ምን አለ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ቡና ላይ ተቀምጠን ውጤቱን ሳንነግር ጥናት አልዘጋም።

ጥያቄ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕብረተሰብ ጤና ልጀምር ነው፣ ምን ላይ ልበርታ?

መልስ፦ ስታቲስቲክስ ላይ። አብሽር፣ ቀስ እያለ ይገባሃል። ደግሞ አንድ ሳምንት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት ዙር፣ ስታንኳኳ በር የሚከፍቱልህን እናቶች ዝም ብለህ ስማቸው።