የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአየር ንብረት ገንዘብ፣ የሶላር ፓምፕና የጣሪያ ላይ ሙቀት

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ገጠር ቀበሌ አሥራ አራት አባወራዎች ከአንድ ጉድጓድ እየሳብን ሽንኩርትና ቲማቲም እናለማለን። ናፍጣው ከአቅማችን በላይ ሆነብን። ሰሞኑን አንድ ሰው «ከውጭ የአየር ንብረት ገንዘብ መጥቷል፤ ሶላር ፓምፕ በነፃ ይተከልላችኋል፣ ካርቦናችሁም ይሸጣል» እያለ ከየአባሉ የመመዝገቢያ ብር እየሰበሰበ ነው። እንክፈል? ፓምፑስ ምን ያህል መሆን አለበት?

መልስ፦ አትክፈሉ። የከፈለ ካለም ማስረጃውን ይዞ ለቀበሌው ያሳውቅ። እንዲህ ያለውን ገንዘብ ለታዳጊ አገሮች የሚሰጠው፣ መቀመጫውን ደቡብ ኮሪያ ሶንግዶ ያደረገው አረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ ለግለሰብም ሆነ ለገበሬ ማህበር በቀጥታ ገንዘብ አይሰጥም። የሚሠራው ዕውቅና በሰጣቸው ተቋማት በኩል ነው፤ በአገራችን አንዱ የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ገንዘቡ ቀበሌ የሚደርሰው በፕሮጀክት ወይም በብድር መልክ ነው።

የካርቦኑንም ነገር እናስላው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። በቀን 5 ሊትር፣ በዓመት 150 ቀን ብታቃጥሉ ሁለት ቶን ገደማ ነው። አንድ የካርቦን ክሬዲት (ሳይለቀቅ የቀረ ጭስ የሚሸጥበት ሰነድ) አንድ ቶን ስለሆነ በዓመት ሁለት ክሬዲት ይኖራችኋል፤ ይህ ለክቶ ለሚያረጋግጠው ባለሙያ ክፍያ እንኳ አይበቃም። ሽያጩ የሚያዋጣው በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ባንድ ላይ ላቀፈ ፕሮግራም ነው።

ፓምፑን በተመለከተ፣ ሻጭ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ጉድጓዱን ለኩ፤ ያውም በበጋ፣ ውሃው በሚያንስበት ወር። ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አውርዳችሁ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንዳለ እዩ። ከዚያ አምስት ሰዓት ያህል እየሳባችሁ በየሰዓቱ ለኩ። ለስሌት የሚያገለግለው ውሃው መውረዱን አቁሞ የሚረጋበት ጥልቀት ነው። በጠዋቱ ልክ የተገዛ ፓምፕ እኩለ ቀን ላይ አየር መሳብ ይጀምራል፣ ሞተሩም ያለ ውሃ ዞሮ ይቃጠላል።

ውሃው 18 ሜትር ላይ ረጋ እንበል። ሮቶው 4 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቀመጥና በቧንቧው ውስጥ ለሚባክነው ግፊት 2 ሜትር ቢታሰብ ድምሩ 24 ሜትር ይሆናል። ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት በድሬዳዋ ሙቀት በቀን 35 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል። 35ን በ24፣ ውጤቱን ደግሞ በ2.725 (አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሜትር ለማንሳት በሚፈጀው ዋት ሰዓት) ስታባዙ 2,289 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ይህ ውሃውን ለማንሳት ብቻ የሚያስፈልገው ነው። ፓምፕና ሞተሩ ከግማሽ በላይ ስለሚያባክኑ በ0.45 አካፍሉት፤ 5,087 ይሆናል። በቀን 5.5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አስባችሁ በዚያ ብታካፍሉት 925 ዋት ይወጣል። ሙቀት፣ አቧራና ሽቦ አንድ አራተኛውን ስለሚወስዱ 1,230 ዋት ገደማ ያስፈልጋችኋል፤ ባለ 450 ዋት ሦስት ፓኔል ይበቃል። ባትሪ አትግዙ፤ ውሃን ሮቶ ውስጥ ማቆየት ኃይልን ባትሪ ውስጥ ከማቆየት ይረክሳል። ውሃው ሲያልቅ ፓምፑን የሚያጠፋው ሴንሰር ግን የግድ ነው።

እስኪተከል ድረስ የናፍጣውን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አውርዳችሁ እንዳታስነሱ። ጭሱ ሰው ይገድላል።

ብድሩን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለሶላር አስመጪዎችና ለማይክሮፋይናንስ ተቋማት ሲያበድር ቆይቷል። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ ማይክሮፋይናንሱን ነው። የማህበሩን ምዝገባ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ ብድር ለመውሰድ የወሰናችሁበትን ቃለ ጉባኤ፣ የጉድጓዱን ልኬትና ፕሮፎርማ ይዛችሁ ሂዱ። ፕሮፎርማው ላይ ፓምፑ በ24 ሜትር ከፍታ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚሰጥ፣ ዋስትናውና ድሬዳዋ ውስጥ ማን እንደሚጠግነው ይጻፍ። ክፍያው በየወሩ ሳይሆን ምርት በምትሸጡበት ጊዜ እንዲሆን ተደራደሩ፤ ብዙ ማህበር ዕዳ ላይ የሚወድቀው ሽንኩርቱ ገና ማሳ ላይ እያለ ክፍያ ሲደርስበት ነው። ደግሞ የመብራት መስመር በቅርብ የሚያልፍ ከሆነ መጀመሪያ የእሱን ወጪ ጠይቁ። የአገራችን መብራት አብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ እሱም ንጹሕ ነው።

እኛን ከሁሉ የሚያሳስበን ከተከላው በኋላ ያለው ነው። ናፍጣ ሲወደድ ሰው ውሃ ይቆጥባል፤ በሶላር ግን ፓምፑ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሠራ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለከተማ ያለልክ ተስቦ፣ ደለልም ሞልቶት ደርቆ እንደነበር ታውቃላችሁ። ቧንቧው ላይ የውሃ ቆጣሪ አስገቡ፤ የየአባሉን ድርሻ በሜትር ኩብ ደንባችሁ ውስጥ አስፍሩ፤ የጉድጓዱንም ጥልቀት በየወሩ እየለካችሁ መዝግቡ።

ጥያቄ (ከሐረር)፦ ሀብታም አገሮች ለታዳጊ አገሮች የአየር ንብረት ሥራ ቃል የገቡት 100 ቢሊዮን ዶላር የት ደረሰ? ለምንስ ብድር ይሆናል?

መልስ፦ ቃሉ የተገባው በ2009 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ነው፤ እስከ 2020 በየዓመቱ 100 ቢሊዮን ሊደርስ። በለጋሾቹ በራሳቸው ቆጠራ መጀመሪያ የደረሰው በ2022 ነው፤ አብዛኛውም ብድር ነበር። በ2024 በባኩው ጉባኤ ላይ ደግሞ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ተባለ፤ ታዳጊ አገሮች የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ነበር። በእኛ እምነት ገቢ ለሚያመጣ ነገር፣ እንደ መስኖ ፓምፕ ላለው፣ ርካሽ ብድር ተገቢ ነው። ድርቅ ለመታው ቀበሌ የመጠጥ ውሃ ማውጫ ግን በብድር መሰጠቱ ፍትሕ አይደለም። ያን ድርቅ ያባባሰው ጭስ ከዚያ ቀበሌ አልወጣም።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)፦ የሱቄ ጣሪያ ላይ ያለው ፓኔል ፀሐይ በከረረችበት ሰዓት ኃይሉ ለምን ይቀንሳል?

መልስ፦ ስለሚግል ነው። የተጻፈበት ዋት በ25 ዲግሪ የተለካ ነው፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል። ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 65 ዲግሪ ከደረሰ 14 በመቶው ሄደ ማለት ነው። በብረት እግር ከቆርቆሮው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሱት፣ አየር ይለፍበት፤ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብል። አቧራውን ማለዳ እጠቡ፤ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲፈስ ሊሰነጠቅ ይችላል። ባትሪውንም ከጣሪያ ሥር አውጡት። የአሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያጥራል።