አራተኛውን ምስክር ጠብቁት

ባለፈው ሳምንት ደሴ ሙጋድ ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ልትናዘዝ ነው። ምስክሮቹን በየቤታቸው እየዞርኩ ባስፈርማቸው ምን ችግር አለው?» አለኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ። ማታም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በ1991 ዓ.ም ክረምት፣ ጥብቅና በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ ሸዋ በር የሚኖሩ አንዲት እናት አስጠሩኝ። ልጅ አልወለዱም። ከሕፃንነቷ ያሳደጓት፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ደግፋ ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው ልጅ ግን ነበረቻቸው፤ ፍርድ ቤት ያጸደቀው የጉዲፈቻ ወረቀት የላትም። ሳይናዘዙ ቢሞቱ ቤቱ ለሟች ወንድማቸው ልጆች እንደሚሆን ያውቃሉ። ቃላቸውን ጻፍኩ። ሼኹ መጡ፤ መሪጌታው መጡ፤ አንዲት ጎረቤት መጣች። አራተኛው ምስክር ከኮምቦልቻ ሲመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋጉና አንድ የተበላሸ ከባድ መኪና መንገድ ዘግተውበት ቀረ። ቡናው ከአቦል ቶና፣ ከቶና በረካ ደረሰ። ያፈላችው ልጅቷ ናት፤ አንዴም ወደ ወረቀቱ ቀና ብላ አላየችም።

ደክሞኝ ነበር፤ መሽቷልም። ለሦስቱ አንብቤ አስፈረምኩ። አራተኛውን በማግስቱ ሱቁ ድረስ ሄጄ አስፈረምኩት። እማማ «ልጄ፣ ተፈጸመ?» አሉኝ። «ተፈጸመ፣ እማማ» አልኳቸው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት እንዲነበብ፣ መነበቡም በጽሑፉ እንዲገለጽ፣ ሁሉም እዚያው እንዲፈርሙ ያዛል። አውቀው ነበር። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ፣ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው ሹም ቢሆን ሁለት ይበቁ እንደነበርም አውቅ ነበር። እማማ በሞቱ በወሩ የወንድም ልጆች ከሰሱ። ባለሱቁ ምሎ እውነቱን ተናገረ፤ ሐቀኛ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ኑዛዜው ፈረሰ። ልጅቷ ጀበናዋንና አንድ ሳጥን ይዛ ከቤቱ ወጣች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ንቁ ናችሁ፤ ግን ሁሉ ነገር በስልክ የሚያልቅ ይመስላችኋል። «ድምፃቸውን ቀርጬዋለሁ» እያላችሁ ትመጣላችሁ። የቃል ኑዛዜ ሞት የቀረበበት ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው። ስለ ቀብሩ፣ ስለ ትንንሽ ልጆቹ አሳዳጊ፣ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው የሚጸናው፤ ሰውየው ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ኑዛዜው ይፈርሳል። ቤት በዚህ አይተላለፍም። ውክልና ይዘናል ብላችሁም አትዘናጉ፤ ወካዩ የሞተ ዕለት ያበቃል።

ጠበቃ ስትመርጡ «ዛሬውኑ እጨርስላችኋለሁ» የሚለውን ሽሹ። ደግሞም አታዘግዩ፣ የሽማግሌ ነገር አይታወቅም። ጠበቃው ሲመጣ እናንተ ውጡ፤ እናታችሁ ብቻቸውን ይናገሩ። ቅር ቢላችሁም ውጡ።

ለዚያ ወጣት ትናንት ደወልኩለት። ቅዳሜ አራቱንም እናቱ ቤት ይሰበስባል። እኔም እሄዳለሁ። አንዱ ከቀረ፣ እስኪመጣ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።