«ዛሬ ድኛለሁ፤ ነገስ?» ብለው ለሚጠይቁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

በቅርቡ ከትምህርት በኋላ አንድ ወጣት ወደ ጎን ጠራኝና፣ «ዛሬ እንደ ዳንሁ አልጠራጠርም፤ የዛሬ ዓመትም በእምነት ጸንቼ እንደምገኝ ግን በምን አውቃለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ለጆሮዬ አዲስ አልነበረም። ልቤን የነካው ሌሎች እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ ማድረጉ ነው። እንዲህ ያለውን ድምፅ ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የሕመም አልጋ አጠገብ ሰምቼዋለሁ፤ ትዝታውም እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ታማሚው ዕድሜውን ሙሉ ወንጌልን የሰበከ፣ እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችንን ቃሉን ያስተማረ አባት ነበር። ሕመሙ ሲጸናበት ልቡም አብሮ ደከመ። ሐዋርያው ጳውሎስ «ለሌሎች ከሰበክሁ በኋላ ራሴ የተጣልሁ እንዳልሆን» ያለውን ቃል እያነሣ፣ «እኔስ የተጣልሁ ብሆን?» ይል ነበር። ሊጠይቁት ከመጡት አገልጋዮች አንዱ በፍጹም ቅንነት፣ «ጌታን የተቀበልህበትን ቀን አስብ፤ ጉዳይህ ያን ቀን አልቋል» አለው። ይህ አባት ግን በአማኞች ቤት ተወልዶ ያደገ፣ ከእናቱ ጉያ ጀምሮ ሲጸልይ የኖረ ሰው ስለ ነበር እንዲህ ነው ብሎ የሚጠቅሰው ቀን አልነበረውም። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ «በልጅነቴ ይሆን? ወይስ በተጠመቅሁ ጊዜ?» እያለ ዓመታቱን ሲቈጥር አየሁት። በማግስቱ የመጣው ሌላው አገልጋይ ደግሞ ከፊተኛው ጋር በትምህርት የማይስማማ ነበርና፣ «እስከ መጨረሻ የሚጸና ነው የሚድነው፤ አይዞህ፣ ጽና» አለው። ይህን የተባለው የውኃ ብርጭቆ በራሱ እጅ ወደ አፉ ማድረስ ያቃተው ሰው ነው።

ሁለቱም ይወዱት ነበር፤ ሁለቱም ጥቅስ ይዘው ነበር የመጡት። ይሁን እንጂ አንዱ ወደ ትናንት ውሳኔው፣ ሌላው ወደ ዛሬ ጉልበቱ ሰደዱት፤ በሁለቱም መንገድ ያገኘው የደከመውን ራሱን ብቻ ነበር። ባለቤቱ ከሥነ መለኮት ክርክር ራቅ ያለች ሴት ነበረች። ማታ ማታ ትራሱን ታስተካክልለትና መነጽሯን አድርጋ፣ ጌታ ለጴጥሮስ የተናገረውን «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» የሚለውን ቃል ታነብለታለች። እርሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማና፣ አንዳንድ ጊዜ «ድገሚልኝ» ይላታል። ከዚያ በኋላ ፍጹም ዕረፍት አገኘ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻው ሳምንትም ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቅ ሰምቼዋለሁ። ስንቱን ያጽናና ሰው እርሱ ራሱ መጽናናትን በጭልፋ ያህል እንኳ ሳይጠግብ መሄዱ ዛሬም ያንገበግበኛል። በጌታው እጅ እንዳለ ግን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለዩ፤ ደኅንነታችሁ የተጠበቀ መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ መጠበቁ በልባችሁ መሰማቱ ሌላ ነገር ነው። እንግሊዛዊው የመዝሙር ደራሲ ዊልያም ኩፐር እግዚአብሔር የመረጣቸውን እስከ መጨረሻ እንደሚጠብቅ ከሚያስተምሩ አማኞች ጋር የኖረ ሰው ነበር፤ ሆኖም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1773 ከደረሰበት የአእምሮ ሕመም በኋላ እግዚአብሔር እንደ ጣለው አምኖ በ1800 እስኪሞት ድረስ ከዚህ ሐሳብ አልተላቀቀም። ወዳጁ የነበረው ሰባኪ ጆን ኒውተን ግን አልተወውም፤ ከአንድ ዓመት በላይ በቤቱ አስቀምጦ አስታመመው። በአንጻሩ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ አማኝ ከጸጋ ሊወድቅ ይችላል ብሎ እያስተማረ፣ በ1738 ክርስቶስ ኃጢአቱን እንደ ወሰደለት እርግጠኝነት እንደ ተሰጠው መስክሯል። በእንግሊዝ አገር በ1646 የተዘጋጀው የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫም የቅዱሳንን ጽናት፣ ማለትም እውነተኛ አማኞች እስከ መጨረሻ ተጠብቀው መኖራቸውን፣ በአንድ ምዕራፍ፣ የደኅንነትን እርግጠኝነት በሌላ ምዕራፍ ለይቶ ያስቀመጠ ሲሆን፣ እውነተኛ አማኝ እርግጠኝነትን ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ሊታገል እንደሚችል ይናገራል።

የእኔን አቋም ከጠየቃችሁኝ፣ በእውነት የእርሱ የሆኑትን ጌታ አንድም ሳይጠፉ እንደሚያደርሳቸው አምናለሁ። በዮሐንስ 10 «ለዘላለምም አይጠፉም፣ ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም» ብሏልና፣ «ማንም» ከሚለው ውስጥ ራሴን ለይቼ የማወጣበት ምክንያት አላገኘሁም። «አንድ ጊዜ የዳነ ለዘላለም ድኗል» የሚለው አባባል ግን እንደ ማለፊያ ወረቀት ሲጠቀስ ስሰማ እደነግጣለሁ። ከእምነት ስለ መውደቅ የሚናገሩት የዕብራውያን ምዕራፍ 6 እና 10 ማስጠንቀቂያዎች ባዶ ማስፈራሪያ አይደሉም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን በጥሞና አንብቡ። በማዕበሉ መካከል በመርከቡ ካሉት ከ276ቱ ነፍሳት አንድ እንኳ እንደማይጠፋ እግዚአብሔር ለጳውሎስ በመልአኩ አረጋግጦለታል። ቈየት ብሎ መርከበኞቹ በታንኳ ሊያመልጡ ሲሉ፣ ያው ጳውሎስ እነዚህ በመርከቡ ካልቈዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም ብሎ ለመቶ አለቃው ተናገረ። ወታደሮቹም የታንኳውን ገመድ ቈረጡ፤ ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ደረሱ። ተስፋው የተፈጸመው ማስጠንቀቂያውን በመስማታቸው ነው። እግዚአብሔር ልጆቹን ከሚጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ በጊዜው የሚያስደነግጣቸው ቃል ነው ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

የእናንተን ዘመን ሳይ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ማለዳ አንድ ሰባኪ በአጭር ቪዲዮ ለዘላለም ድናችኋል ይላችኋል፤ ማታ ሌላው በዚህችው ሌሊት ልትጠፉ ትችላላችሁ ይላችኋል፤ እናንተም ጥቅሶቹን ከምዕራፋቸው ነቅላችሁ እርስ በርስ ትወራወሩባቸዋላችሁ። በዚህ ጉዳይ የተከራከሩት የቀደሙት ሰዎች ቃሉን ሲያጠኑ የኖሩ ነበሩ። የሆላንዱ የሥነ መለኮት መምህር የአርሚንየስ ተከታዮች በ1610 አቋማቸውን በጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ እውነተኛ አማኝ ሊወድቅ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ገና ከመጽሐፍ በጥልቀት ሊመረመር ይገባል ብለው ነበር፤ ከ1618 እስከ 1619 በዚያው በሆላንድ የተሰበሰበው የዶርት የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ (ሲኖዶስ) በተቃራኒው የቅዱሳንን ጽናት አጸና። እንዲህ ባለ ጉዳይ ወንድማችሁን በአንድ መስመር መናፍቅ አትበሉት። ደግሞም እውነቱን ልናገርና፣ እኛ በእናንተ ዕድሜ ጥርጣሬያችንን ደብቀን «ሃሌ ሉያ» እንል ነበር፤ እናንተ በመጠየቃችሁ ከእኛ ትሻላላችሁ።

ወደ ራሳችሁ አትመልከቱ ስል ቈይቼ አሁን «በሃይማኖት ብትኖሩ ራሳችሁን መርምሩ» የሚለውን ቃል ብጠቅስ የተቃረንሁ ይመስላችኋል፤ ምናልባትም ተቃርኛለሁ። ያም ሆኖ ሁለቱንም እላለሁ። በኃጢአቱ ተደላድሎ የተኛ፣ ከጸሎትና ከቅዱሳን ኅብረት ርቆ «የድሮው ውሳኔዬ ይበቃኛል» የሚል ሰው ራሱን ይመርምር፤ ለእርሱ ዮሐንስ 10ን ለማንበብ አልቸኩልም። የሚንቀጠቀጠውን ግን ምርመራ ይገድለዋል። ትቶ የሄደ ጓደኛ ያላችሁም፣ መጀመሪያውኑ ከእኛ ወገን አልነበረም ብላችሁ ፍርዱን ለመዝጋት አትፍጠኑ። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ በካደባት በዚያች ሌሊት ብታገኙት ኖሮ ስለ እርሱ ምን ትጽፉ ነበር? ስልክ ደውሉለት፤ ስለ ትምህርተ ሃይማኖት ሳይሆን ስለ ኑሮው ጠይቁት።

ዕብራውያን 6ን አንብባችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ደግሞ፣ የወደቁትን ለንስሐ ማደስ አይቻልም በሚለው በቍጥር 6 ላይ አትቁሙ። ጸሐፊው በቍጥር 9 አንባቢዎቹን «ወዳጆች ሆይ» ብሎ ይጠራቸዋል፤ ስለ እነርሱም የሚሻለውን፣ ለመዳን የሚሆነውን እንደ ተረዳ ይነግራቸዋል። ምዕራፉንም የሚጨርሰው እግዚአብሔር በራሱ ምሎ ስለ ሰጠው ተስፋና በመጋረጃው ውስጥ ስለ ገባው የነፍስ መልሕቅ በመናገር ነው። ይህን ምዕራፍ በሌሊት ለብቻችሁ አታንብቡት፤ በቀን፣ ከምታምኑት አንድ ታላቅ አማኝ ጋር ተቀምጣችሁ፣ ድምፃችሁን ሳትደብቁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።