ለሕግና ለክሪሚኖሎጂ ተማሪዎች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ወንጀል ሲባል ሐሳባችሁ ወደ ሌባና ወደ ቀማኛ ቢሄድ አልፈርድባችሁም፤ የምትማሩት አብዛኛው ነገር ስለ እነርሱ ነው። ዕድሜዬን በመዝገብ መካከል ያሳለፍሁ ሰው ነኝና አንድ አደራ አለኝ፦ መንግሥት የሚፈጽመውን ወንጀል ጊዜ ሲተርፍ የሚነበብ ምዕራፍ አታድርጉት።

ተራ ነፍሰ ገዳይ ዱካውን ያጠፋል። ደርግ ግን ደብዳቤ ይጽፍ፣ ማኅተም ይመታ ነበር። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ክሱን ያቀረበው ከምስክሮች ቃል ጋር የደርግን የራሱን ሰነዶች ይዞ ነው። በታኅሣሥ 1987 የተከፈተው የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የባልደረቦቻቸው ችሎት የጥፋተኝነት ፍርድ የሰጠው በታኅሣሥ 1999 ነበር። ፍትሕን ያህል ነገር ዐሥራ ሁለት ዓመት ማስጠበቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ከዓለም አቀፉ ስምምነት በተለየ የፖለቲካ ቡድኖችንም ከዘር ማጥፋት ይጠብቅ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ከዳኞቹ አንዱ በሐሳብ ተለይተዋል። ያን የልዩነት ሐሳብ ፈልጋችሁ አንብቡ።

ሌላውን መዝገብ ከሩቅ አገር ላምጣላችሁ። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ዘ ሄግ ያስቻለ የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት በጎጃም የደርግ ተወካይ በነበረው በእሸቱ ዓለሙ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ከተፈረደበት ወንጀል አንዱ በ1970 ዓ.ም. 75 እስረኞችን ማስገደል ነው። ከማስረጃዎቹ መካከል የእስረኞች ስም ዝርዝርና ፊርማ ይገኙበታል። እንዲህ ያለ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ በመጀመሪያ ስሞቹን አንድም ሳትዘሉ አንብቡ፤ እያንዳንዱ እናት ያወጣችለት ስም ነው። ከዚያ በኋላ ማን አዘጋጀው፣ ማን በታይፕ መታው፣ ለማን ግልባጭ ሄደ፣ እስረኞቹን ማን ከክፍላቸው ጠርቶ አወጣ እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። በዚያ ሰንሰለት ውስጥ ብዙዎቹ ደመወዝ የሚጠብቁ፣ ልጆች የሚያሳድጉ ሠራተኞች ሆነው ታገኟቸዋላችሁ።

ሽብር እውነተኛ ወንጀል ነው። በዚያው ዘመን ደርግን ይቃወም ከነበረው ፓርቲ ከኢሕአፓ በኩል በተተኮሰ ጥይት የወደቁ ነበሩ፤ የእነርሱም ቤት አልቅሷል፣ ሐዘናችሁን በሟቹ የፖለቲካ ወገን አትለዩ። ነገር ግን አንድ ሰው «አናርኪስት» ወይም «ፀረ አብዮት» ከተባለ በኋላ ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ጋዜጠኞችንና ተቃዋሚዎችን ለማሰር ሲውል ያው በሽታ አገርሽቶ አየሁ። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በቁጥር 1176 ተተክቷል። አዲሱንም ቢሆን በአንቀጽ ቃሉ ብቻ አትመዝኑት፤ ችሎት ገብታችሁ ተከሳሹ ፈጸመ የተባለው ድርጊት ምን እንደሆነ በጆሯችሁ ስሙ።

ነገ መርማሪ ወይም ዐቃቤ ሕግ ስትሆኑ «ይህን ሰው ያዘው» የሚል ትእዛዝ በስልክ ይመጣል። በጽሑፍ ይሁን፣ አንቀጹም ይጠቀስ በሉ። ይህን በማለታችሁ ከሥራ ልትባረሩ ትችላላችሁ፤ ስለዚህ ገና ከመቀጠራችሁ በፊት ከቤተሰባችሁ ጋር ተማከሩበት።