ኦቨርታይም፣ መብራትና የጎደለ ሒሳብ፦ ከቀጣሪዎች የመጡ ጥያቄዎች

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች በሙሉ ከቀጣሪዎች የመጡ ናቸው። ካፌ፣ ልብስ ስፌት፣ ሱቅ፣ መጋዘን ያላቸው ሰዎች ናቸው። የምመልሰው በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ይዤ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የቤት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ ስለማይሸፈኑ ዛሬ አልነካቸውም።

ካፌ አለኝ። አስተናጋጆቼ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይሠራሉ፣ እሑድ ያርፋሉ። ስቀጥራቸው «ደመወዙ ሁሉንም ያጠቃልላል» ብለን ተፈራርመናል። አሁን አንዷ ኦቨርታይም ትጠይቀኛለች። ትችላለች?

ትችላለች። ፊርማው አያድንዎትም። የሥራ ውል ሕጉ ከሰጠው በታች ሊሰጥ አይችልም። እሷ ወዳ ብትፈርምም ያው ነው።

እስቲ እናስላው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። የእርስዎ ልጆች የምሳ አንድ ሰዓት ቢወጣላቸው እንኳ 11 ሰዓት ይቆማሉ። በቀን 3፣ በሳምንት 18 ሰዓት ትርፍ ማለት ነው። ደመወዟ 6,240 ብር ነው እንበል። ብዙ መሥሪያ ቤት እንደሚያደርገው በወር 26 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብለን ለ208 ብናካፍለው ሰዓቱ 30 ብር ይመጣል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 45 ብር። 18 ሰዓት ሲሆን በሳምንት 810 ብር። ወሩን 4 ሳምንት ብቻ ብንቆጥረው 3,240 ብር። ከደመወዟ ግማሽ በላይ እኮ ነው! ለዚህ ነው የጠየቀችዎት።

የደመወዝና የኦቨርታይም ጥያቄ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። ይህን ሰምተው ደስ እንዳይልዎት። የ6 ወሩ ብቻ 19,440 ብር ነው፤ ያውም ለአንዷ።

ብከፍልስ ይስተካከላል ወይ ካሉኝ፣ አይስተካከልም። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የእርስዎ 18 ነው። ደግሞ ኦቨርታይም የሚፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚሠራ ሥራ ላይ የቀረን ሰው ለመተካት ነው። በየቀኑ ማኪያቶ ማቅረብ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። መፍትሔው ፈረቃ ነው፦ አንዱ ቡድን ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት፣ በምሳ ግርግር ሁለቱም። «ቲፕ ያገኛሉ እኮ» የሚለውን ክርክር ደግሞ ይተዉት። ቲፑን የሰጠው ደንበኛው ነው።

ለመስቀል ካፌው ክፍት ነበር። ለሠራተኞቹ ለዓመት በዓል ብዬ ገንዘብ ሰጥቻለሁ። የበዓሉን ክፍያ አይተካም?

አይተካም። ስጦታው ስጦታ ነው። በሕዝብ በዓል ለተሠራ ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ይከፈላል። ከመደበኛው ሰዓት ካለፈ ትርፉ በሁለት ተኩል ይባዛል። በዓሉ እሑድ ላይ ቢውል ግን የሁለቱን ደርበው አይከፍሉም፣ የአንዱን ብቻ ነው። ዘግተው ቢውሉም የወር ደመወዝተኛ ደመወዝ አይነካም።

የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ። መብራት ሲጠፋ ልጆቹ ተቀምጠው ይውላሉ። ያልሠሩበትን ልክፈል?

በጣም የማዝንበት ጥያቄ ነው፤ ጥፋቱ የእርስዎም የእነሱም አይደለም። ግን ሠራተኛው መጥቶ፣ ለመሥራት ተዘጋጅቶ፣ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ከዋለ ደመወዙ ይከፈለዋል። የጥሬ ዕቃ ወይም የመሣሪያ መጥፋትም እንዲሁ ነው። ክርና ጨርቅ አልቆ ቢቀመጡም ያው።

መላ ግን አለ። የሥራው ጠባይ የሚጠይቅ ከሆነ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎቹ ቀናት ላይ ማከፋፈል ይቻላል፤ በየቀኑ የሚጨመረው ከ2 ሰዓት ካልበለጠ። መብራት የሚጠፋበት ቀን አስቀድሞ የሚነገር ከሆነ፣ ያን ቀን 4 ሰዓት ብቻ አሠርተው ሌላ ሁለት ቀን 10፣ 10 ሰዓት ማሠራት ነው። ሳምንቱ 48 ላይ ስለሚቆም ኦቨርታይም አይባልም። ፕሮግራሙን አስቀድመው ለጥፉት። ከምሳ በኋላ መብራት ሲሄድ «ቅዳሜ ታካክሳላችሁ» ማለት ግን ፕሮግራም አይባልም።

ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራው 10 ተከታታይ ቀንና ከዚያ በላይ የሚቆም ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ውልን ማገድ፣ ማለትም ውሉን ሳያፈርሱ ለጊዜው ማቆም የሚባል መንገድ አለ። በራስዎ ብቻ ግን አይሆንም፤ ለአካባቢው የሥራና ክህሎት ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ካሸሬ 4,500 ብር አጎደለች። ደመወዟ 6,000 ነው። የዚህን ወር ብቆርጥባትስ?

ቀስ ይበሉ። ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ ወይም ሠራተኛዋ በጽሑፍ ስትስማማ ነው። ተስማምታም በአንድ ወር የሚቆረጠው ከደመወዟ ሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ ከ2,000 ብር በላይ አይነኩም፤ 4,500ው ሦስት ወር ይፈጃል።

እኔ ድሮ ሒሳብ ክፍል ስሠራ አንድ ቀን ሙሉ የፈለግነው ጉድለት የተገኘው ከመሳቢያው ኋላ የወደቀ ደረሰኝ ላይ ነው። ልጅቷ በዚያን ቀን ስንት ጊዜ እንዳለቀሰች አልረሳም። መጀመሪያ አብራችሁ ቁጠሩ።

የሙከራ ጊዜ ላይ ላለ ሠራተኛም ኦቨርታይም አለ?

አለ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ ሆኖ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። የሰዓትና የክፍያ መብቱ ግን ከሌላው እኩል ነው።

ሱፐርቫይዘሬን «ማናጀር» ብለው አዋጁ አይመለከተውም የሚል ሰው መከረኝ።

መካሪዎ ግማሹን ነው የነገረዎት። የሥራ መሪ በአዋጁ አይሸፈንም፣ እውነት ነው። ግን የሥራ መሪ የሚያሰኘው የድርጅቱን አሠራር የመወሰን፣ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር ወይም የማሰናበት ሥልጣን ነው። ባጁ ላይ የተጻፈው ማዕረግ አይታይም። ቁልፍ ይዞ በር የሚከፍት ሰው ሠራተኛ ነው።

ለመጋዘኔ ሁለት ጥበቃዎች አሉኝ፤ 24 ሰዓት ሠርተው 24 ያርፋሉ። ሌሊት እኮ ይተኛሉ።

ቢተኙም ሰዓቱ ይቆጠራል። ሕጉ የሥራ ሰዓት የሚለው የተሠራበትን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ነው። ሌባ ቢመጣ ማንን ይጠይቃሉ? እሱን አይደል?

በሳምንት 168 ሰዓት አለ። ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 84 ይደርሳል። ከ48 ጋር ምን ያህል እንደሚራራቅ ይዩት። ሦስተኛ ሰው ቢጨምሩ እንኳ 56 ይሆናል።

ግን ደብዳቤዎ ላይ ቀን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ጫኝና አውራጅ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ እንዳለ ጽፈዋል። እንዲያ ከሆነ ጥበቃ የሚያስፈልግዎት ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ነው። ሁለቱ አንድ አንድ ሌሊት እየተፈራረቁ ቢያድሩ በአማካይ በሳምንት 42 ሰዓት ይሆናል። የሥራው ሁኔታ ሲያስገድድ ሰዓቱን እስከ 4 ሳምንት ባለ ጊዜ በአማካይ ማስላት ስለሚፈቀድ፣ የሌሊቱ 12 ሰዓት በዚያ ይካካሳል። እሑድን ዘግታችሁ የምትውሉ ከሆነ ግን ያን ቀን ማን እንደሚጠብቅ አልጻፉልኝም። እሱን ለብቻው ያስሉት።