ሚያዝያ 27 የማን የማን ቀን ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የድል በዓል ሲቃረብ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቀን ይሆናሉ። የሰሞኑን እነሆ።

ከደብረ ማርቆስ፦ «አባቴ በደርግ ጊዜ የድል በዓል መጋቢት 28 ነበር ይላል። አሁን የምናከብረው ሚያዝያ 27 ነው። የቱ ነው ልክ?»

አባትህ ልክ ናቸው። መጋቢት 28 ቀን 1933 በእንግሊዞች የሚመራው ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 27 ደግሞ ጃንሆይ ራሳቸው የገቡበት ነው። አንድ ወር ያህል ለምን ዘገዩ? እንግሊዞቹ ያዝ አደረጓቸዋ! ከተማው ውስጥ ብዙ ጣሊያን ሲቪል ነበር፣ ንጉሡ ቶሎ ቢገቡ ሕዝቡ ቂሙን ይወጣበታል ብለው ፈሩ። በኋላ ሲገቡ ግን ቀን መርጠው ነው፤ የባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባን የያዘው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነበርና፣ ልክ በአምስት ዓመቱ በዚያችው ቀን ከተፍ አሉ። ይሄን አጋጣሚ የሚል ሰው ጃንሆይን አያውቃቸውም።

እውነተኛው አጋጣሚ ያለው እናንተው ከተማ ነው። ንጉሡ ጥር 12፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው፣ ቡሬን አልፈው ደብረ ማርቆስ የገቡት መቼ ይመስልሃል? መጋቢት 28! ሁለቱ ከተሞች በአንድ ቀን። እንደሚመስለኝ ደርግ ቀኑን የቀየረው የንጉሡን ስም ከበዓሉ ለማራቅ ነው፤ ያመጣው ቀን ግን ንጉሡ ጎጃም መሀል ሰንደቅ ይዘው የቆሙበት ሆኖ ቁጭ አለ። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፣ መጋቢት 28ም ተረሳ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ደብረ ማርቆስ ቢያንስ ለራሱ ሊያከብረው ይገባል። እነ በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ጫካ የከረሙት ለዚያ ቀን አይደል እንዴ?

ከቡሬ፦ «ልደቴ ሜይ 5 ነው። ከማን ጋር እጋራለሁ?»

ከዘፋኟ አዴል ጋር። እሷ በፈረንጅ 1988፣ በኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1980 ነው የተወለደችው። አሜሪካዊው አለን ሼፐርድም በ1961 ሜይ 5 ቀን ወደ ጠፈር ወጥቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመልሷል። ሜክሲኮዎች ደግሞ በ1862 ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ጦር ያሸነፉት በዚሁ ቀን ነው። ሜክሲኮ ጣሊያን ኢትዮጵያን መያዟን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረችና፣ አዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ ሜክሲኮ ሲቲም የኢትዮጵያ አደባባይ አላቸው።

ካርል ማርክስም በ1818 ሜይ 5 ተወልዷል፣ ናፖሊዮንም በ1821 ሜይ 5 ሞቷል። ግን አትቸኩል! ሁለቱም፣ የፑዌብላው ድልም ጭምር፣ በኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ላይ ነው የሚያርፉት። ፈረንጆቹ በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉትም፣ እኛ ግን ጳጉሜን 6 አላስቀረንም፤ ስለዚህ በፈረንጅ 1800ዎቹ የነበረው ቀን ከዛሬው በአንድ ይለያል። አድዋንም ጣሊያኖች ማርች 1 የሚሉት፣ የኛ የካቲት 23 ግን ዛሬ ማርች 2 ላይ የሚውለው ለዚሁ ነው። ማንም አልተሳሳተም።

ከፍኖተ ሰላም፣ አንድ መምህር፦ «ክፍሌ ውስጥ 60 ተማሪ አለ። ሁለቱ በአንድ ቀን ተወለዱ። ልጆቹ ተአምር ነው እያሉ ነው።»

መምህር፣ ተአምሩ ባይገኝ ነበር። 23 ሰው ብቻ ቢሰበሰብ እንኳ ሁለቱ ልደት የሚጋሩበት ዕድል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። 23 ሰው ሁለት ሁለት እየሆነ ሲጣመር 253 ጥንድ ይወጣዋላ! የርስዎ 60 ልጆች 1770 ጥንድ ናቸው፣ ዕድሉም ከመቶ 99 ያልፋል። ይሄ ልደቱ በትክክል ከተመዘገበ ነው። በኛ አገር ደግሞ እናት «የሚካኤል ማግስት ነው የወለድኩህ» ትላለች፣ ቀኑ የጠፋበት መዝጋቢም መስከረም 1 ብሎ ይገላገላል። መዝገቡን ገለጥ ያድርጉትና መስከረም 1 ላይ ስንት ልጅ እንዳለ ይቁጠሩ፤ ይስቃሉ።

ከደጀን፦ «የተወለድኩት መስከረም 1 ቀን 1988 ነው። ለውጭ ትምህርት ፎርም ስሞላ ስልኬ ሴፕቴምበር 12 ይለኛል፣ ጓደኛዬ ግን 11 ነው አለችኝ።»

ስልክሽን እመኚ፣ ሴፕቴምበር 12፣ 1995 ነው። 1987 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፣ ዕንቁጣጣሽም በአንድ ቀን ተገፋ። ጓደኛሽ በ1989 መስከረም 1 ከተወለደች የሷ 11 ነው፣ እሷም ልክ ናት። ግን ፓስፖርትሽ ላይ ቀድሞ 11 ተብሎ ከተጻፈ ከፎርሙ ጋር አትሟገቺ፣ እንደ ፓስፖርቱ ሙዪ።